ማሽኑ ያሸነፈ ዕለት

የዘንድሮው ግንቦት ልደታ ያለፈው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ መኪና ማቆሚያው ዳር ነው። ድሮ ልደታ ሰፈር ንፍሮ የሚበላው በየደጃፉ ነበር። አሁን ደጃፍ የሚባል ነገር ስለሌለን በየብሎካችን ተሰብስበን፣ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረን፣ ሳህን ይዘን ቁጭ እንላለን። ንፍሮው እንኳ ያው ነው፤ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው አልተለወጠም። የተለወጠው አብሮ የሚበላው ሰው ነው። ከድሮ ጎረቤቶቼ እዚህ የቀረነው በጣት የምንቆጠር ነን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው መክሊት ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ጨዋ ልጅ ናት። በአንድ እጇ ንፍሮ ትዘግናለች፣ በሌላው ስልኳን ትነካካለች። ዓይኔን ጣል ባደርግ ስልኩ ላይ መስመሮች ተሰምረዋል፤ መስመሮቹ በሚገናኙበት ላይ ጥቁርና ነጭ ክቦች ተቀምጠዋል። የጎረስኩትን ሽምብራ ማኘክ ረሳሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት፣ እያወቅሁት።

«ጌም ነው እማማ ጸዳለ። ጎ ይባላል። ከኮምፒዩተሩ ጋር ነው የምጫወተው። ደረጃውን ዝቅ አድርጌው እንኳ ሁሌ ያሸንፈኛል።»

«እዚያ ጥግ ያሉትን ሦስቱን ተያቸው፤ ሞተዋል። የምትጨምሪውም አብሯቸው ነው የሚሞተው። ይልቅ መሃሉን ያዢ።»

ልጅቷ ስልኩን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። «እንዴ! ይሄን ደሞ የት ያውቁታል? በዓለም አንደኛ የተባለውን ሰውዬ ሁሉ እኮ ኮምፒዩተር አሸንፎታል፤ ሰምተዋል?»

ሰምቻለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት በሬዲዮ ሲነገር ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ዓይኔ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለመክሊት «መሥሪያ ቤት ነው የተማርኩት» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። እኔ የማውቀው ማሽን ግን አንድም ቀን ማንንም አሸንፎ አያውቅም። አሸነፈ የተባለባትን አንዲት ቀን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። በዚያች ቀን ምክንያት አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ቀረ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሰው ሁሉ ጓድ የሚባባልበት፣ ሹማምንቱ ካኪ የሚለብሱበት፣ ደሃው ኮንጎ ጫማ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። የእኛ ቤት ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ ሁለት ክፍል ነበር። አሁን ግራውንዱ ላይ የሞባይል መለዋወጫ የሚሸጥበት ሕንፃ የቆመው እዚያው ላይ ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው ሰፈሩ ሲፈርስ ምልክት አብሮ ስለፈረሰ ነው። ጠዋት ጠዋት አፍሮዬን አበጥሬ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ የቴትሮን ቀሚሴን ለብሼ፣ ወደ ሜክሲኮ በእግሬ እወጣ ነበር። አውቶቡሱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ እሷኑ አጠራቅሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይና ቦምቦሊኖ እበላባታለሁ። ከየሙዚቃ ቤቱ የፍቅር ዘፈን ይወጣል፣ ከየቀበሌው ድምፅ ማጉያ ደግሞ የኪነት ጓድ መዝሙር፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ይጋጩና ምኑም አይሰማም። የቀበሌ ሱቅ ስኳር ወይም ሳሙና መጣ ከተባለ ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል። ሥራ ያለበት ሰው ቦታው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩን ማንም አይነካውም፤ ድንጋዩ ሰውየው ማለት ነው። እኔ ክብ፣ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነበረኝ፤ ወረፋ ጠባቂዎቹ ሁሉ «የጸዳለ ድንጋይ» ይሉት ነበር።

መሥሪያ ቤቴን አልጠራውም፤ አገሪቱ ውስጥ ኮምፒዩተር ከነበራቸው ጥቂት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ነበር ብል ይበቃል። ሥራዬ ኪ-ፓንቸር ይባላል፦ ከቅጽ ላይ የተጻፈውን እያየሁ ጠንካራ ወረቀት ካርድ ላይ በመብሻ መኪና እበሳለሁ፤ ትልቁ ማሽን ቀዳዳውን ያነባል። ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ማሽኑ ያለበት ክፍል በመስታወት የተከለለ ነው፤ አቧራ እንዳይገባ ጫማ አውልቀን፣ ነጭ ጋውን ለብሰን ነው የምንገባው። ከእኛ ቤት ምድጃ ይልቅ ለዚያ ማሽን ይጠነቀቁለት ነበር። ኋላ ደግሞ ቴሌቪዥን የመሰለች፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ማሽን በእርዳታ መጣችልን። እሷን የሚያውቃት ታምራት ብቻ ነበር።

ታምራት ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ፕሮግራመር ነው። ረጅም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ በደንብ የተተኮሰ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። እናቱ እማማ ብርቄ አብነት ሰፈር ከሟች ባላቸው የቀረች ልብስ ስፌት ቤት ነበረቻቸው፤ ሸሚዙ የሳቸው ሥራ ነው። እወደው ነበር። ይኸው ተናገርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን አፍራለሁ? እሱ ይወደኝ እንደነበር ግን አላውቅም። በዚያ ዘመን ወንድና ሴት አብረው ሻይ ጠጡ ማለት ብዙ ነገር ማለት ነበር፤ እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ የምሳ ሰዓታችንን አብረን አሳለፍን። ያሳለፍነው ግን በጨዋታ ነው።

ጎ የሚባለውን ጨዋታ የተማረው ጀርመን አገር፣ አብሮት አንድ ክፍል ከሚያድር የሩቅ ምሥራቅ ልጅ ነው። እኔን ሊያስተምረኝ ሲል ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም። «የቀበሌ ሱቅ ወረፋ ነው» አለኝ። «ድንጋይ ያስቀመጠ ቦታ ያዘ። ልዩነቱ፣ እዚህ ዙሪያሽን ከከበቡሽ ድንጋይሽ ይነሳል።» ትንሹን ሜዳ፣ ዘጠኝ መስመር በዘጠኝ መስመር፣ የማሽን ወረቀት ጀርባ ላይ አሰመርን። ለጠጠሩ ከእናቱ ሱቅ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቁልፍ አመጣ። ጥቁሩ የኮት፣ ነጩ የሸሚዝ። አንዳንዱ ቁልፍ ላይ ክሩ አልወጣለትም ነበር። መጀመሪያ በየቀኑ ተሸነፍኩ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሦስት ጊዜ ስንጫወት አንዱን አሸንፈው ጀመር፤ በሁለተኛው ዓመት እኩል ሆንን። አጨዋወቴን «የገበያ ሴት» ይለው ነበር፦ ዳር ዳሩን ዝም ብዬ እይዝና መጨረሻ ላይ መሃሉን በአንዴ እጠይቃለሁ።

ታምራት አላስችል ብሎት ትንሿን ማሽን ይህን ጨዋታ ሊያስተምራት ተነሳ። መቼም እንደሷ ያለ ደንቆሮ ተማሪ አይቼ አላውቅም። አንድ ጠጠር እስክታስቀምጥ እኛ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። ደግሞም አንድ የማይድን በሽታ ነበረባት፤ የሞተውን አታውቅም። ጥግ ላይ ተከበው ያለቀላቸውን ጠጠሮች ለማዳን ሌላ ትጨምራለች፣ በዚያ ላይ ሌላ። «ሕፃን ልጅ እንኳ በዓይኑ አይቶ 'ይሄማ አለቀለት' ይላል» ይል ነበር ታምራት። «ማለቅ ምን እንደሆነ ለማሽን በቃል ንገሪ ብትባይ ግን ዓመት አይበቃሽም።» እስቃለሁ። ያኔ ያስቃል።

አለቃችን ጓድ አስናቀ ነበር። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ሪፖርት የሚፈራ ሰው ነው። በየወሩ መጨረሻ ለበላይ አካል የሚላክ ሪፖርት ነበር፤ «ታቀደ፣ ተከናወነ» የሚል። ያልተከናወነም ቢሆን መከናወን ነበረበት፤ ወረቀት ላይ። የዘመኑ ደንብ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል። እኛ ቀበሌ እንኳ ነዋሪው በሙሉ ከመሃይምነት ተላቀቀ ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬታቸውን ዘቅዝቀው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው ነበር። እማማ ብርቄም ሱቃቸው ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው በላይ አንድ ነበራቸው፣ በመስታወት የገባ። ባየሁት ቁጥር በልቤ እስቅ ነበር።

አንድ ወር ጓድ አስናቀ የሚጽፈው ቢያጣ የታምራትን ጨዋታ ጻፈው። ሰኞ በውይይት ክበብ ላይ ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው የሰማነው፤ «የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር በጓዶች ጥረት የመክበብና የማጥቃት ስልት እንዲያስብ ተደርጓል።» ተጨበጨበ። ታምራት እጁን አወጣ።

«ጓድ አስናቀ፣ ይቅርታ፣ ማሽኗ ገና ከማንም ትሸነፋለች። ጨዋታ ነው።»

«ትሕትና ጥሩ ነው፣ ጓድ ታምራት» አለው፤ ድጋሚ ተጨበጨበ።

ብዙም አልቆየ፣ ሪፖርቱን ያነበበ ሰው ተገኘ። ከሩቅ ምሥራቅ ወዳጅ አገር የመጣ አንድ ኤክስፐርት ጨዋታውን ስለሚያውቅ ከማሽኑ ጋር ሊጋጠም፣ የጦር መኮንኖችም ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። ጓድ አስናቀ እኔንና ታምራትን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። ላብ አጥምቆታል።

«ማሽኑ ማሸነፍ አለበት።»

«አያሸንፍም፣ ጓድ።»

«ሪፖርት ተደርጓል እኮ! ከተሸነፈ ምን እንደሚባል ታውቃለህ? አሻጥር ነው የሚባለው። በሁላችንም ላይ፤ በተለይ ባንተ ላይ።»

አሻጥር የሚለው ቃል ዛሬ ለልጆች ምንም አይደለም። ያኔ በዚያች ቃል ተይዞ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ከሥራ ስንወጣ ታምራት ሜክሲኮ ሻይ ቤት ይዞኝ ገባና፣ ሻዩን ሳይነካ እንዲህ አለኝ፤

«መስታወት ክፍሉ ውስጥ ማሽኗ ጋ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እኔ አዳራሽ ሆኜ ጠጠር ነው የማስቀምጠው። ማሽኗ የምትለውን ብቻ ጻፊ። ትሸነፍ።»

«አሻጥር ብለው ቢያስሩህስ?»

«ደደብነቷን በዓይናቸው ካዩ ይስቃሉ። አስናቀን ይሰድቡታል፣ እኔን ደሞዝ ይቀጡኛል፣ ያልቃል። ብልህ ናት ብለው ካመኑ ግን ምን እንደሚያደርጉባት እኔም አላውቅም። እሺ በይኝ።»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን።»

ማልኩለት። የልደታ ልጅ በማርያም ከማለች አለቀ ማለት ነው፤ እሱም ይህንኑ አምኖ ሻዩን ጠጣ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ነበር፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። አዳራሹ መሃል ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል፤ እንግዳው የራሱን ሰሌዳና ጠጠር ይዞ መጥቷል፣ የኛ ቁልፍ አሳፍሮን ቆርቆሮው መሳቢያ ውስጥ ተደበቀ። እንግዳው ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ደቃቃ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። ከኋላው መኮንኖቹ ተደርድረዋል። እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ ጋውኔን ለብሼ ከመስታወቱ ወዲህ ነኝ። እንግዳው ጠጠር ሲያስቀምጥ ጓድ አስናቀ በትንሿ መስኮት ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እኔ ለማሽኗ እጽፋለሁ፣ ማሽኗ የመለሰችውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ። እሱ ለአዳራሹ «አምስት በአራት!» ብሎ እንደ አዋጅ ነጋሪ ይጮኻል፣ ታምራት ያስቀምጣል። ጠጠሩን ሰው አስቀመጠው፣ ድንጋዩ ግን የማሽኗ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰባት የጻፍኩት ማሽኗ ያለችውን ነው። መሐላዬን ጠብቄ ነበር። ከዚያ የለመደባት በሽታዋ ተነሳ፤ ጥግ ላይ ላለቀለት ጠጠር አንድ ጨመረች። እንግዳው ፈገግ አለ። ደግማ ጨመረች። አንዱ መኮንን ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ የሆነ ነገር አለ፤ ሌላው፣ መነጽር ያደረገው፣ ከኪሱ ማስታወሻ አወጣ። ታምራትን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ጻፈ። እንደገና አየው፣ ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት የጫማ ቁጥሩን ነው። እኔ ግን ያየሁት አሻጥር የሚለውን ቃል ነው፤ በመስታወት ውስጥ፣ ከአሥር እርምጃ ርቀት፣ እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ያነበብኩ መሰለኝ። ማሽኗ የመለሰችውን አየሁና ተውኩት። በቁራጩ ወረቀት ላይ የራሴን ጻፍኩ።

«ሦስት በሰባት!» ሲል ጓድ አስናቀ ጮኸ።

የታምራት እጅ ጠጠሩን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። አጨዋወቴን ያውቀዋል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳውን የነጠቀው ይኸው አጨዋወት ነው። ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ራሱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ፦ ተይ። አንገቴን ደፋሁ። ጠጠሩን ምን አድርጎ አያስቀምጠው? አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ አላየሁትም። እንግዳው ማሽኗን ንቆ ቸልተኛ ሆኖ ነበር፤ ሲነቃ ዳር ዳሩን ይዤ ጨርሻለሁ። ገበያተኛዋ መሃሉን ጠየቀች። በሁለት ነጥብ አሸነፍኩ።

ጭብጨባው ግድግዳውን ነቀነቀው። እውነቱን ልናገርና፣ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮርቻለሁ። እንግዳው ተነስቶ ወደ መስታወቱ መጣ፤ ማሽኗን ሳይሆን እኔን ብዙ ጊዜ አየኝና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ያ ሰው ገብቶታል። ምንም አላለም፤ እሱም ሪፖርት ከሚጻፍበት አገር ነዋ የመጣው። ባለ መነጽሩ መኮንን ታምራትን ትከሻውን ይዞ «ይሄ ነገር ካርታ ላይ ይሠራል?» ሲለው ሰማሁ። ታምራት «ጨዋታ ነው፣ ጓድ» አለ። «አይደለም» አለው መኮንኑ፣ እየሳቀ።

ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ታምራት አልጮኸብኝም። «ምነው ጸዳለ?» ብቻ ነው ያለኝ።

«ፈርቼልህ እኮ ነው።»

«እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነበር።»

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ማሽኗና ታምራት ወደ ሰሜን፣ ጦር ግንባር፣ የመክበብ ስልት ሊያስቡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል እንደኔ ያለችውን። ጓድ አስናቀ ቢሮ በር ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፣ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ልል። ሁለቱንም ጊዜ ተመልሻለሁ። እናት ነበረችኝ፣ ታናናሾች ነበሩኝ ብዬ ማሳበብ እችላለሁ፤ ነበሩኝም። ግን ፈርቼ ነው። ለሱ ፈርቼ ዋሸሁ፣ ለራሴ ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ከልደታው አሮጌ አየር ማረፊያ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ሲነሱ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን እይዝ ነበር።

ሦስት አራት ወር አልፎ፣ ልክ በግንቦት ልደታ ዕለት፣ እናቱን ልጠይቅ ንፍሮ በሳህን ይዤ አብነት ወረድኩ። እማማ ብርቄ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸው ወልቆ ጨርቁ ላይ ነው፣ እጃቸው ላይ የተከፈተ ደብዳቤ አለ። የጭነት መኪና ሾፌር በእጁ ይዞ አመጣልኝ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። እኔ ችኩሏ «ላንብብልዎት እማማ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብለው አዩኝና ሰጡኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። እምዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ብርድ ልብሱ ደርሶኛል፣ ሸሚዞቹ አቧራ ጠጡ። ከዚያ ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ ታች ወረደ፤ «እዚህ ማሽኗ በየቀኑ ትሸነፋለች። ያን ቀን ያሸነፈችው ጸዳለ ናት። ይህን ብናገር ምናልባት ይመልሱኝ ነበር፤ ግን እሷን ያስሯታል። ስለዚህ አልናገርም። አንቺም ዝም በይ፣ አትቀየሚያት።» ዘለልኩት። አራቱን መስመር እንዳለ ዘልዬ «ለጎረቤት ሁሉ ሰላም በይልኝ» የሚለው ላይ አረፍኩ። ትንፋሼ እንኳ አልተቆረጠም፤ ኪ-ፓንቸር ዓይኗና እጇ ለየብቻ ነው የሚሠሩት።

«ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት እማማ።»

«ሌላ የሚለው የለም?»

«የለም።»

«ደግ» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው መደርደሪያቸው ላይ ያለ የቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በየዓመቱ ግንቦት ልደታ ንፍሮ ይዤ እሄዳለሁ፣ በየዓመቱ ቆርቆሮውን ያወርዱና «እስቲ አንቢልኝ» ይላሉ፣ በየዓመቱ እዘላለሁ። መንግሥት ተለወጠ። ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ ሲታይ እማማ ብርቄ ሜክሲኮ አደባባይ እየወጡ የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያዩ ነበር፤ እኔም ካጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አልነበረም። ሰው ተዝካሩን ያውጡ ሲላቸው «ሞቱን ማን ነገረኝ?» ይላሉ። ጎረቤት ሲያጫውታቸው «የታምራት ማሽን እኮ የውጭ ሰው ያሸነፈ ነው» ካለ፣ እሳቸው ቀስ ብለው ወደኔ ይዞሩና «ጸዳለም ነበረች» ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም። እኔ ሞኟ፣ እንደ ምስክር የሚቆጥሩኝ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻው ግንቦት ልደታቸው ላይ አልጋ ይዘው ነበር። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍናለች፣ ሰርተፊኬቱ ከስንት ዓመት በኋላም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ንፍሮውን ሁለት ፍሬ ቀምሰው መለሱልኝ። ደብዳቤው እጥፋቱ ላይ ተበጥሶ ለአራት ተከፍሏል። አነበብኩላቸው። ብርድ ልብሱ፣ ሸሚዞቹ፤ ዘለልኩ፤ «ለጎረቤት ሁሉ ሰላም በይልኝ»።

ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ድምፃቸው ምንም ሳይንቀጠቀጥ፣ «እዚህ ማሽኗ በየቀኑ ትሸነፋለች» አሉ። «ያን ቀን ያሸነፈችው ጸዳለ ናት። ይህን ብናገር ምናልባት ይመልሱኝ ነበር።» እስከ መጨረሻው በቃላቸው አሉት። አንድ ፊደል አልሳቱም።

ጣታቸውን ወደ ግድግዳው አነሱ።

«ያንን ስንት ዓመት አየሽው ልጄ? የውሸት መስሎሽ ነው አይደል? ሾፌሩ ሰጥቶኝ እንደሄደ ነው ያነበብኩት። አንቺ ስትመጪ ሦስተኛዬ ነበር።»

«እማማ... ለምን አልነገሩኝም? ተቀይመውኝ ነበር?»

«አትቀየሚያት ብሎኛል። የልጄን ቃል አላፈርስም፣ አልተቀየምኩሽም። አትጠብቂያት ግን አላለኝም። ጠበቅሁሽ።»

እግራቸው ሥር ተደፋሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ያለቀስኩት ግን ለሱ ይሁን ለሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም። ራሴን ዳበስ ዳበስ አደረጉኝና፣ «በይ ተነሺ፣ ከላይ ጀምረሽ አንቢው» አሉኝ። ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ፣ አራቱን ቁራጭ ጉልበቴ ላይ አገጣጥሜ ጀመርኩ። እምዬ እንደምን ሰነበትሽ። ብርድ ልብሱ። ሸሚዞቹ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ አልዘለልኩም፤ እያንዳንዷን ቃል፣ ስሜንም ጭምር፣ ጮክ ብዬ አነበብኳት። ጨርሼ ቀና ስል እማማ ብርቄ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ትንፋሻቸው በቀስታ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ስሜ ላይ ስደርስ ነቅተው ይሁን ተኝተው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።